ማይንዩት ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ሹራብ ልገዛ አማን ከተማ አንድ ልብስ ቤት ገባሁ። ባለሱቁ ሹራቡን ከላስቲኩ ሲያወጣው የአዲስ ልብስ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ምልክት በጣቱ እያሳየኝ «ስሞል ነው፣ እህቴ፣ ልክ ይሆናታል» አለኝ። ሳላስበው ሳቄ መጣ። ሰውየው ምን እንዳሳቀኝ ግራ ገባው። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለአንተ ግን ልንገርህ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ። ዕድሜዬ ከጓደኞቼ እኩል ነው፤ ቁመቴ ግን የአራተኛ ክፍል ልጅ ቁመት ነበር። ተማሪው ሁሉ «ሚጢጢ» ይለኛል። እናቴ ገበያ ላይ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ትሸጥ ስለነበር ደብተሮቼ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታሉ፤ በዚያም ይስቁብኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ወጣት ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካ ነው። አንድ ቀን ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው ድምፁ አልሰማ አለንና ዝም ብሎ ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ጻፈ። ዝናቡ ጋብ ሲል ጮክ ብሎ አነበባቸው፤ ስሞል፣ ሊትል፣ ታይኒ፣ ማይንዩት።

«በአማርኛ ምን ማለት ናቸው?»

«ትንሽ!» ብለን አንድ ላይ ጮህን።

«ሰነፎች!» አለ እየሳቀ። «ገበያ ላይ ሙዝ ስታማርጡ ‹ይሄ ትንሽ ነው› ትላላችሁ። እሱ ስሞል ነው፤ መጠን ብቻ ነው የሚናገረው። ታናሽ እህታችሁን ‹ትንሿ› ስትሉ ግን ድምፃችሁ ይለወጣል። ያ ሊትል ነው። ሰው ሲወድም ይለዋል፣ ሲንቅም ይለዋል። ታይኒ ደግሞ ሚጢጢ ነው፤ አይቶ የተገረመ ሰው የሚለው።»

ሚጢጢ ሲል ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ጆሮዬ ጋለ። እሱ ግን ወደ አራተኛው ቃል አለፈ።

«ይሄኛው ሲጻፍ ከደቂቃ ጋር አንድ ነው። ለጊዜ ሲሆን ሚኒት፣ ለመጠን ሲሆን ማይንዩት ብላችሁ አንብቡት። ዓይን አስጠግተው ካላዩት የማይታይ ማለት ነው። ደግሞ አትገረሙ፤ የእኛም ደቂቃ ‹ደቀቀ› ከሚለው የመጣ ነው።»

ከዚያ ቤንችኛ፣ ሸክኛና ካፊኛ የሚናገሩትን አስነሥቶ ለሕፃን የሚሉትንና ለእህል ፍሬ የሚሉትን «ትንሽ» ጠየቃቸው። አንዱ ሌላውን እያረመ፣ ተማሪው እየተንጫጫ ደወል ተደወለ። ከክፍል ሲወጣ ተከትዬው ሄድኩ።

«ቲቸር፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?»

ቆም ብሎ አየኝ። «ቃሉን ተይና የሚጠራሽን ሰው ድምፅ ስሚ» አለኝ።

በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ቴፒ ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጀ። መምህራችን ለእንግሊዝኛ እኔን መረጠ። ዳይሬክተሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይቺ ከጠረጴዛው በላይ ትታያለች?» አሉ። «ትሰማለች፣ ጋሼ» አላቸው እሱ።

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍረን ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። በግራ በቀኝ ቡናው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ጨለም ብሎ ይታያል፤ ቅጠሉ ላይ የቀረው የዝናብ ውኃ በነፈሰ ቁጥር እላያችን ላይ ይረግፋል። ጓደኞቼ ሲዘፍኑ እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቃላት እከልስ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረክ ላይ ስወጣ ጠረጴዛው ደረቴ ላይ ደረሰ፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ከፊት ለፊቴ የቆመው የቴፒ ተወዳዳሪ ረጅም ልጅ ነበር፤ አልሳቀም። በሌሎቹ ትምህርቶች ውጤቱ እኩል ለእኩል ሆኖ ሁሉም ነገር የመጨረሻዋ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ እጁን ያወጣ ይመልሳል፤ ከተሳሳተ ዕድሉ ለሌላው ያልፋል።

ዳኛው መነጽር ያደረጉ ሸምገል ያሉ መምህር ነበሩ። «ከማነሱ የተነሣ ለማየት የሚያስቸግር ነገር በአንድ ቃል ምን ይባላል?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ።

እጄን አወጣሁ። «ማይንዩት!»

ወረቀታቸውን አዩ። «ታይኒ ነው መልሱ። አንቺ ያልሽው ደቂቃ ነው፤ እሱም ቢሆን ሚኒት ነው የሚባለው። ተሳስተሻል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መምህሬን በዓይኔ ፈለግኩት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አቀርቅሮ በእጁ የያዘውን ወረቀት ይጠቀልላል። ቀና አላለም።

ልቀመጥ ይገባኝ ነበር። አልተቀመጥኩም።

«ይቅርታ፣ ቲቸር፣ አልተሳሳትኩም» አልኩ። ድምፄ ሳይሰበር ወጣልኝ። «ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነበብ ሁለት ነው። በእኛም ደቂቃና ደቃቃ ዘመዳሞች ናቸው። መዝገበ ቃላት ይታይልኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዳኛው «መዝገበ ቃላት የያዘ አለ?» ብለው ወደ አዳራሹ ዞሩ። ሰው ሁሉ ጎኑ ያለውን ማየት ጀመረ። በመስኮቱ የሚቆላ ቡና ሽታ ይገባ ነበር።

«እኔ ጋ አለ» አለ የቴፒው ልጅ።

ዝም ቢል ጥያቄው የእሱ ነበር። ከቦርሳው ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አወጣና ቆሞ ገጹን ገለጠ። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ። «ሁለት ቦታ ተጽፏል» አለ። «አንዱ ጊዜ ነው። ሁለተኛው… ልክ ናት፣ ቲቸር። አነባበቡም እንዳለችው ነው።»

ዳኛው መጽሐፉን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ አስጠግተው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው «ዛሬ እኔ ተማርኩ። ነጥቡ ለሚዛን ነው» አሉ። ጭብጨባው ለእኔ ይሁን ለልጁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለሁለታችንም ይመስለኛል። ልጁ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

ስንመለስ መምህሬ እኔን ጋቢና አስገብቶ እሱ ከኋላ ዝናብ እየመታው መጣ። ቤት ስደርስ እናቴ ወሬውን ሰምታ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ምን ብለሽ አሸነፍሽ?»

«በጣም ደቃቃ፣ የማይታይ፣ አልኩ።»

«ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ግን ገበያ ላይ «ልጄ ቴፒ ድረስ ሄዳ ዳኛ አረመች» ስትል ሰማኋት። ኮረሪማ ለሚገዛውም ለማይገዛውም ነገረች። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ይሸታል ብዬ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት መምህሬ ከክፍል በኋላ አስቀረኝ። ሰሌዳውን እየጠረገ፣ ፊቱን ሳያዞርልኝ ተናገረ።

«ዳኛው ስህተት ነው ሲሉ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ምናልባት አሳስቼ አስተማርኳት ብዬ መሬት ይዋጠኝ አልኩ። አንቺ ግን አልተጠራጠርሽም። እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?»

አፍሬ ደብተሮቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሱም መልስ አልጠበቀም፤ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ ወጣ። በክረምቱ ወደ ማጂ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔ ያንን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፣ ያ ዝናብ ጋብ ሲል፣ ከእሱ አፍ። እሱ ካለ ልክ ነው ብዬ ነው የቆምኩት። ይህንን ሳልነግረው ሄደ።