የአዬዮ ሀዋ አማርኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ጅጅጋ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ የሚላት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደብተሬን እዘጋና ጎረቤታችን አዬዮ ሀዋ ግቢ ዘው እላለሁ። «አዬዮ» በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ እኔን ግን በሥጋ አይዛመዱኝም። የእኔ አያት በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ከሦስት ትውልድ በኋላም እኛ ቤት ሶማሊኛ የገበያ እንጂ የቤት ቋንቋ አልሆነም፤ «ስንት ነው?» እና «ቀንስ» ካወቅን በቃን።

አዬዮ ሀዋ የግመል ወተት ነጋዴ ነበሩ። ሲመሽ ያጠቡትን የወተት ዕቃ በፍም ያጥናሉ። ያኔ እኔና የልጅ ልጃቸው ሆዳን፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ በደበዘዘች የሶላር መብራት ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ተረት እንጠብቃለን። ተረቱ ግን ዝም ብሎ አይጀመርም። እሳቸው «ሼኮ ሼኮ!» ይላሉ፤ ልጆች «ሼኮ ሐሪር!» ብለው ካልመለሱ ወይ ፍንክች። የሐር ተረት እንደ ማለት ነው። ያቺ «ሐ» ከጉሮሮ ነው የምትወጣው። እኛ ፊደሏን ይዘን ድምጿን ጥለናታል፤ ሐመሩ ሐ እያልን እንቆጥራታለን እንጂ አንጠራትም። እኔማ ልሞክራትም አልፈልግ፤ «የላም በረት!» እያልኩ አስቸግራቸዋለሁ። እየሳቁ፣ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይሻገሩ ነበር።

አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ጅቡ «መጣች»፣ ላሚቱ «ሸሸ»፣ እኔም ሴቷ ልጅ «አንተ» ነበርኩ።

አንድ ምሽት የክፍል ጓደኞቼን ይዤ ሄድኩ። መታየት አማረኝና ከመሃል ተነስቼ፣ ድምፄን አጎርንኜ፣ «ጅቡ መጣች! ላሚቱ ሸሸ! ሰማህ ልጄ?» አልኩ። ጓደኞቼ በሳቅ ፈነዱ። አዬዮ አልተቆጡም። ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ «እኔ በቋንቋ ወደ አንተ መጣሁ» አሉኝ። «አንተስ ወደ እኔ መጣህ?»

ከዚያ ወዲያ ተረቱ በሶማሊኛ ብቻ ሆነ። እኔም አኮረፍኩ፤ አጥፊዋም አኩራፊዋም እኔ። ቀስ በቀስ መሄዱን ተውኩት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ፣ አባቴ ሀርጌሳ የሚነግድ ወዳጅ ስለነበረው፣ ድንበር ተሻግሬ ነርስነት እንድማርና እነሱ ቤት እንዳርፍ ተወሰነ። ከጅጅጋ መምጣቴን የሰማ ሁሉ በሶማሊኛ ያጣድፈኛል፤ እኔ አፌን ይዤ እቀራለሁ። አንድ ቀን እራት ላይ የቤቱ አባወራ ሲገቡ፣ «መጡ» ያልኩ መስሎኝ «ወይ ቲሚ» አልኩ። መጣች ማለት ነው። ማዕዱ በሳቅ ታመሰ። የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ተነስታ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ በእኔው ድምፅ «ወይ ቲሚ! ወይ ቲሚ!» እያለች ዞረች። አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብዬ ወጥቼ አለቀስኩ። አዬዮ በዚያ እርጅና፣ ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ሲሉ፣ የሄዱት መንገድ ርዝመቱ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የምሬን ተማርኩ። ጉሮሮዬን በእጄ ይዤ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ «ሐ» እስክትወጣ ደጋገምኩ። ለአዬዮ የምለውን ይቅርታም ቃል በቃል አጠናሁ። በአካል ሄጄ ነው የማስደንቃቸው ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ደውዬ «ደህና ናቸው?» አላልኩም።

በዓመቱ ለእረፍት ስመለስ ሻንጣዬን በራችን ላይ ጥዬ እሳቸው ጋ ገባሁ። ከስተው፣ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው ተንበርክኬ፣ በሶማሊኛ፣ ያጠናሁትን ሁሉ አልኩ፤ ስላፌዝኩበት ምሽት፣ ስለ ኩርፊያዬ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። አንድም «ሐ» አልሳትኩም። እሳቸው ከንፈሬን እያዩ ፈገግ ይላሉ።

ሆዳን ከበሩ ላይ፣ «ጆሯቸው ጠፍቷልኮ» አለችኝ። «ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ምንም አይሰሙም። እንዳትጽፊላቸው ማንበብ አያውቁም።»

አዬዮ እንደ ድሮዬ አማርኛ የማወራ ነው የመሰላቸው። እጄን ያዙና ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ «ልጄ፣ አማርኛ ከእኔ ጠፋች። ለአንተ የምመልሰው የለኝም። ይቅር በለኝ» አሉኝ።

ሌላ ማድረግ ቢያቅተኝ፣ እጃቸውን ሳምኩ። ያን ጊዜ ፊታቸው በራ፤ ራሴንም ዳበሱኝ።

ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረሽ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ የተረቶቹ ቁርጥራጭ ነው ያለኝ። ሶማሊኛውን ዛሬ በሕልሜም እናገራለሁ፤ የተማርኩላቸው ሰው ግን አንዲት ቃል አልሰሙኝም። እስከ ዛሬም አዬዮ ሀዋ የሚያውቁት፣ ይቅር ያልኳቸው እኔ መሆኔን ነው።