ለልጄ የሠራኋት መንፈስ አሳዳጅ

መጽሐፌን ያነበቡ ሰዎች ሲያገኙኝ አስቀድመው የሚጠይቁኝ በውስጡ ስላለችው ሴትዮ ነው። «አንቺ የካዛንቺስ ሰው፣ ጾም የማትገድፊ፣ አሜሪካ የተወለደች መንፈስ አሳዳጅ ከየት አመጣሽ?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው። ልጄ ትምህርት ቤት መሄድ አቅቷት ነበር።

ስምንት ዓመቷ ነበር። ሰፈራችን እየፈረሰ ነው። ጎረቤቶቻችን ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ የእኛና የጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ ተራውን ይጠብቃል። ከደጃችን ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው ቀጭን መንገድ በእማማ ቤት በኩል ያልፋል። እማማ ልጄን ከአራስነቷ ጀምረው ያቀፉ ባልቴት ነበሩ። ሰፈሩ ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ዐረፉ። ተዝካራቸውን አብረን አወጣን። ከዚያ ቤታቸው ፈረሰ። ፈረሰ ስል ግማሹ ነው። ጣሪያው ተነሥቶ የጓዳው ግድግዳና ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ቀሩ።

ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ጠዋት ጠዋት ከዚያ በር ኋላ ይንኳኳ ጀመር።

«እማማ ናቸው» አለች ልጄ። «ቤታቸውን ስላፈረሱባቸው ተቆጥተዋል።»

እኔም ሰምቻለሁ። ነፋስ ነው አልኳት። በሩን ገፋሁት፤ ከውስጥ በሽቦ ታስሯል። ጆሮዬን ስሰጥ ዝም አለ።

«ለአንቺማ አያንኳኩም» አለችኝ። «ትልቅ ሰው ነሽ።»

አባቷ ሥራው ክፍለ ሀገር ነው። እጇን ይዤ፣ ፊቷን በነጠላዬ ሸፍኜ አሳልፋት ነበር። ቢሮ በየቀኑ አረፈድኩ፤ አለቃዬ አስጠነቀቀኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻዋን እንድትሄድ ነግሬያት ወጣሁ። ማታ ስመለስ ቦርሳዋን እንዳነገተች ከበራችን ኋላ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበረች። ከዚያም ደጋግማ ቀረች። አስተማሪዋ በዚህ ከቀጠለች ዓመቱ እንደሚያመልጣት ላከችብኝ።

ጠበል ውሰጃት አሉኝ፤ ወሰድኳት። በዚያ ብርድ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ተጠምቃ ልብሷን ለበሰች። የንስሐ አባቴ ግንባሯን በመስቀል ዳስሰው፣ «ጋኔን የለባትም። ሰፈሯ ነው የጠፋባት» አሉኝ።

«አባ፣ የመንፈስ ተረት ብነግራት ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ሙታን ዐርፈዋል፤ በተረትሽ ውስጥ አታስጩሂያቸው። ሌላውን እንደ ወደድሽ።»

መንፈስ አሳዳጅዋን የመረጠችው ግን ልጄ ናት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ ቢሯችን አንዲት ወጣት ለሥራ ከአሜሪካ መጥታ ነበር። ፈረንጅ ሲሏት አትወድም። «ፈረንጅ አይደለሁም፤ ቺካና ነኝ» ትላለች። አያቶቿ ከሜክሲኮ የተሻገሩ፣ እሷ አሜሪካ የተወለደች፤ እንደ እሷ ያለችውን ሴት እንዲያ ይሏታል። ቃሪያ እንደ ካሮት ትበላለች። ለገና ቤቴ ጠራኋት። ከልጄ ጎን ተቀምጣ በተሰባበረ አማርኛ ስለ ቤተሰቧ አጫወተቻት። በዓመት አንድ ጊዜ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ፎቶ ያቆማሉ፤ አበባና ሟቹ ይወደው የነበረውን ምግብ አቅርበው አብረው ያመሻሉ።

«አትፈሪም?» አለቻት ልጄ።

«አያቴን? አያቴ እኮ ናት!»

እኔ ተዝካርን አሰብኩ። ልጄ ግን መልሱን በልቧ ይዛው ኖሯል። ተረት ልንገርሽ ስላት «እሷ ትሁን» አለችኝ።

ወጣቷን በደንብ አላውቃትም፤ ወደ አገሯም ተመልሳለች። ደግሞ የሰው ሕይወት ወስጄ እንዳሻኝ ላደርገው አልፈለግሁም። ከእሷ የወሰድኩት ትውልዷን፣ ቃሪያውንና ያቺን መልሷን ነው። የቀረውን ከመንገድ ለቀምኩ።

አረማመዷን ያገኘሁት ላንቻ ሰፈር ነው። አንዲት ቆጣሪ አንባቢ የሰው በር በድንጋይ ታንኳኳና ወዲያው ወደ ኋላ ትላለች፤ ውሻ ቢወጣስ ብላ። ቦርሳዋን ከፊቷ ታነግታለች። ይህንንም ወሰድኩ። ድምጿ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ የሞባይል ካርድ የምትሸጥ ልጅ ድምፅ ነው። ያቺ ልጅ ለደንበኛም ለደንብ አስከባሪም በአንድ ቃና ነው የምትናገረው።

አባ ሙታንን አታስጩሂ ስላሉኝ፣ ለየታሪኩ የሚንኳኳ፣ የሚንቋቋ፣ የሚያቃስት ነገር ከሕያዋን ዘንድ መፈለግ ነበረብኝ። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዦቹ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ላሜራ ሲቀጠቀጥ አዳመጥኩ። ባዶ የውሃ ሮቶ ፀሐይ ሲመታው እንደሚጮኽ አወቅሁ። ድመት በቆርቆሮ ላይ ስትሄድ ኮቴዋ የሰው ይመስላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከተማችን ድምፅ አያጣም።

ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ሴትዮዋን ታክሲ አሳፈርኳት። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጣራ «አያቶቼን ታውቃቸዋለህ እንዴ?» አለችው። ልጄ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

ጠዋት ግን ሰማያዊው በር ጋ ስንደርስ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ማታ ታሪኩን ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ሴትዮዋ እኮ አትፈራም።»

«አዎ፣ ጎበዝ ናት።»

«ካልፈራች ምን ቸገራት? የምፈራው እኔ ነኝ። በቃ፣ እሷ ሌላ ሰው ናት።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። እውነቷን ነበር።

ከቢሯችን ጎን ሕንፃ ይሠራ ነበር። በጾሙ ምሳ ስለማልበላ በዚያ ሰዓት ወጥቼ እቆማለሁ። ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ሲሚንቶ በባሬላ ተሸክመው፣ ከባሕር ዛፍ በተሠራው መወጣጫ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከሁሉም አንዷን አየሁ። እግሯ እንጨቱን ሲነካ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እንዳታማትብ ሁለቱም እጇ ተይዟል። በአገጯ ደረቷን ነካ አድርጋ ትወጣለች። ባዶ ባሬላ ይዘው ሲወርዱ ጠጋ አልኳት።

«አትፈሪም፣ የኔ እናት?»

«እንዴት አልፈራም እትዬ!»

ባሬላውን ከኋላ የያዘችው ጓደኛዋ ሳቀች። «የመጀመሪያ ቀን አልቅሳለች እኮ! እንባዋ ገብቶበት ፎርማኑ ሲሚንቶው ውሃ በዛበት ብሎ ተቆጣን።»

«አልቅሼ አልወጣሁም?»

«ወጥታለች። እኔን እየጎተተች።»

«ታዲያ ምን ትቀባጥሪያለሽ!»

እየተሳሳቁ እንደገና ሊጭኑ ሄዱ።

ያን ማታ ሴትዮዋን አፍርሼ ሠራኋት። አሁን በር ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች። ቦርሳዋን አቅፋ «እመቤቴ» ትላለች፤ የእሷ ወገኖች እመቤታችንን አጥብቀው እንደሚወዱ ወጣቷ ነግራኝ ነበር። ከዚያ ታንኳኳለች። በር ሰብራ አትገባም፤ የሰው ቤት ነው። አንኳኩታ ማን እንደሆነ ትጠይቃለች።

ልጄ መጉረሷን ተወች።

«እያለቀሰች ታንኳኳለች?»

«እያለቀሰች።»

«ንፍጧ እየወረደ?»

«ንፍጧ እየወረደ።»

«እሺ» አለችና ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጠዋት ከደጃችን እንደወጣን እጄን ለቀቀች። «አንቺ እዚህ ቁሚ» አለችኝ።

ቆምኩ። ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ ከፊቷ አነገተች። ሰማያዊው በር ጋ ደረሰች። ማልቀሷ እስከ እኔ ይሰማል። እጇን አነሣችና አንኳኳች፤ ወዲያው ወደ ኋላ አለች።

ከዚያ ከውስጥ በሩ ተመታ። ቆርቆሮው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። እኔ ልሮጥ ተነሣሁ፤ እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እማማ!» ብላ ጮኸች። «እርስዎ ከሆኑ ትምህርት ቤት ረፍዶብኛል! ካልሆኑ ደግሞ ማን ነው?»

«ባአአ» አለ ከውስጥ።

ከግድግዳው ኋላ ካፖርት የደረቡ ሰው ብቅ አሉ። ለግንባታው ቦታ የተቀጠሩ ጥበቃ ናቸው። «ምነው ልጄ፣ በጌን አታስደንግጪብኝ እንጂ!»

ደርሼ ነበር። ሽቦውን ፈቱልን። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቀንዳም በግ ራሱን አወጣ።

«ለፋሲካ ነው እመቤት» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። «ዋጋው ሳይወደድ ብዬ በጾሙ መግቢያ ገዛሁት። ቀን አሰማራዋለሁ። ጠዋት ሲርበው በር ይወጋል። አደራ፣ አለቆቼ እንዳይሰሙ።»

ልጄ ንፍጧን በእጅጌዋ ጠረገች። በጉን ትኩር ብላ አየችው። «ከትምህርት ቤት አስቀርተኸኛል እኮ!»

«እኔን ነው በጉን?» አሉ ሰውየው።

«ሁለታችሁንም!»

ሰውየው ከልባቸው ሳቁ። ልጄም ሳቀች፣ ዐይኖቿ እንደቀሉ። ከዚያ ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ መለሰች። እጄን ዘረጋሁላት፤ አላየችውም። ወደ በሩ ዞር ብላ «ደህና ይዋሉ እማማ» አለችና መንገዷን ቀጠለች። እያየኋት አስፋልቱ ጋ ደረሰች፣ ግራና ቀኝ አይታ ታጠፈች። አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም።

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተመስገን አልኩ።

ቢሮ የደረስኩት አርፍጄ ነው። አለቃዬ ከበሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ዛሬስ ምክንያትሽ ምንድን ነው?»

«ልጄ ትምህርት ቤት ሄደች።»

«ታዲያ?» አለኝ።

«ብቻዋን» አልኩት።