የኔ ምርጫ በሚኒባስ

ዘፈን በሞባይል ሚሞሪ በምናስጭንበት ጊዜ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ዘፈን ጫኝ የኔን ምርጫ ወደደና ሚሞሪዬ ላይ ያለውን ጠቅላላ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠው። "ለሾፌሮች ብጭነው ቅር ይልሃል?" ሲለኝ ኮራሁና ፈቀድኩለት።

በሳምንቱ ከአጎቴ ከይመር ጋር በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ዘፈኖቼ በተራ በተራ ይመጣሉ። "አጎቴ፣ እነዚህን የመረጥኳቸው እኮ እኔ ነኝ!" አልኩ፣ ተሳፋሪው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ የራሴ ድምፅ መጣ። ለአለቃዬ ከመደወሌ በፊት ስለማመድ ቀድቼው ረስቼው ኖሯል። "ጋሼ፣ አጎቴ ይመር ስላረፉ የሦስት ቀን ፈቃድ..."

"ሾፌር፣ እለፈው!" ብዬ ብጮኽም ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

አጎቴ "ኢና ሊላሂ!" አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። "ለመሆኑ ቀብሬ ላይ ሰው በዛ?"