አዋጅ የተነገረባት ማኅተም

ጎረቤቴ ኑር-ካብታ የከተማችን የኒፑር እህል ጎተራ ጠባቂ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበሩን ገመድ ቋጠሮ በጭቃ እየመረገ፣ ከአንገቱ የማትለየውን ጣት የምታህል የድንጋይ ማኅተም ሲያንከባልልበት ኖሯል። ማኅተሟ ጭቃው ላይ የምትተወው ጅራቱ የተሸረፈ የአንበሳ ምስል እንዳለ ከተገኘ እህሉም አልተነካም ማለት ነው። ሰው ስለሚያምነው ውል ያለበት ሁሉ ለምስክርነት የሚጠራው እሱን ነበር።

አንድ ቀን ማኅተሟ ጠፋች። እንደ ደንባችን አዋጅ ነጋሪው ቀንደ መለከት እየነፋ ዞረ፦ «የኑር-ካብታ ማኅተም ጠፍታለች! ከዛሬ ወዲያ በእሷ የታተመ የጭቃ ጽላት፣ የውል ጽሑፍ ሁሉ ፈራሽ ነው!»

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ከጠላው ጋን ሥር አወጣቻት።

«እንካ! አንተ ስትፈልጋት እሷ ስትጠጣ ሰንብታለች።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ተገኘች ብለህ አስለፍፍ።»

«ከጠላ ጋን ተብሎ? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

አፈረ። ለጠየቀው ሁሉ «አዲስ አስቀረጽኩ» እያለ በዚያችው ማተሙን ቀጠለ።

ዓመት ሳይሞላ አንዲት ባለጸጋ አሮጊት ባሪያዋን ታሪባቱምን ነጻ አወጣች፤ በነጻነቷ ጽላት ላይ ምስክር ሆኖ ያተመው እሱ ብቻ ነበር። አሮጊቷ ስትሞት ወራሿ ዋራሳ ሁለት ጽላት ይዞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበ።

«ይኼ ማኅተሟ ሳትጠፋ የታተመ ነው፤ ይኼ ደግሞ ከአዋጁ ወዲያ የታተመ የዚህች ሴት ነጻነት። ያው አንበሳ፣ ያው የተሸረፈ ጅራት! ሌባ ነው ያተመው። ባሪያዬን መልሱልኝ!»

ታሪባቱም ወደ ኑር-ካብታ ዞረች። «አባቴ፣ አንተ አልነበርክም እንዴ?»

ዝም ቢል እንጀራውም ክብሩም አይነካም፤ እሷ ግን ወደ ዋራሳ ወፍጮ ትመለሳለች። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌባ የለም። ያተምኩት እኔ ነኝ። ማኅተሟ ተገኝታ ነበር፤ አፍሬ ደበቅኩ።»

«የታመነው ጠባቂያችሁ ይኸውላችሁ!» አለ ዋራሳ እየሳቀ።

ሽማግሌዎቹ በፍርድ አምላክ በሻማሽ አርማ ፊት አስማሉት፤ ማኅተሟንም ተቀብለው በድንጋይ አደቀቋት። ጸሐፊው አዲስ የነጻነት ጽላት አዘጋጀ። ኑር-ካብታ ማኅተም እንደሌለው ድኻ ተንበርክኮ፣ በማኅተም ፈንታ የልብሱን ጠርዝ እርጥቡ ጭቃ ላይ አተመ። ታሪባቱም ነጻ ሆና ሄደች።

እሱን ከጎተራው አሰናበቱት፤ በስተርጅና ቦይ ጠራጊ ሆነ። ለምስክርነት የሚጠራው ሰው ጠፋ። በመከሩ ማግስት ግን ታሪባቱም ልታገባ ስትል ቦዩ ድረስ መጣች።

«ለጋብቻዬ ውል ምስክር ሁነኝ፣ አባቴ።»

«በምን ላትም፣ ልጄ?»

«ልብስ ለብሰህ የለ? በል ውጣ፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀህ ነው።»

ጭቃውን ከእግሩ ሳይታጠብ ተከተላት።