የጓደኛዬ ሳል

መካነ ሰላም ተመድቤ እንደመጣሁ ከአንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። የኩታበር ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ወሬ የማይሰለቻት። ክረምቱ ሲበረታ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወታትፈን፣ ፍራሻችንን አጠጋግተን እንተኛ ነበር።

ሳሉ የጀመራት ያኔ ነው። "ብርዱ ነው" ትላለች። ዝንጅብሉንም፣ ጤና አዳሙንም፣ ማሩንም ሞከርነው። ሳሉ ግን ሊለቃት አልቻለም፤ ቀሚሷም እየሰፋት ሄደ። ጠዋት ስትነሳ አንሶላዋ በላብ ርሶ ይገኛል።

"ሆስፒታል እንሂድ" ስላት ሰበብ ታበዛለች። አንድ ቀን ስትስል መሐረቧ ላይ ደም አየች። ነጠላዋን አንስታ ወደ ሆስፒታል ወጣች። ተከተልኳት።

አክታዋ ተመርምሮ ቲቢ ተባለ። ነርሷ "ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?" ስትላት ወደ እኔ አመለከተች። በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ አየር በማይገባበት ቤት አብሮ የሚያድር ሰው ደግሞ ይበልጥ እንደሚያሰጋው ነገረችን። እኔም ተመረመርኩ። ምንም አልተገኘብኝም፤ "ሳል ከጀመረሽ ግን ቶሎ ነይ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እረፍት አጣሁ። ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር ያዘኝ እላለሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ግንባሬን እዳስሳለሁ። ቤት ገብቼ መስኮቱን በርግጄ ከፈትኩና ፍራሼን ወደ በሩ ጎተትኩ። ጓደኛዬ ስጎትት አየችኝ።

"ፈራሽኝ?"

"አዎ።"

"እኔም ራሴን ፈርቻለሁ" ብላ አለቀሰች። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩት።

የከበደን ለአከራያችን መንገር ነበር። ሕፃን የልጅ ልጃቸው ከሥራ ስንመለስ እኛው ክፍል ነው የምታመሸው። ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

"ያ አላህ! ልጄ እኮ ካንቺ እቅፍ አትወርድም!" ብለው ሕፃኗን አዝለው ወደ ሆስፒታል ሮጡ።

ሲመለሱ ሻንጣችንን ስንሸክፍ አገኙን።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት፤ መከላከያ መድኃኒት ሰጥተዋታል። እናንተ ደግሞ የት ልትሄዱ ነው?"

"ያስወጡናል ብለን ነው፣ እትዬ" አለች ጓደኛዬ።

"እዚሁ ታከሚ። ሐኪሙ ይሁን እስኪልሽ ግን ልጄን እንዳታቅፊ።"

መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል፤ አንድም ቀን ሳታቋርጥ ጨረሰችው። ድነሻል በተባለችበት ዕለት ስትስቅ ዋለች። እኔን ግን ጭንቀቱ ቶሎ አልለቀቀኝም። ትንሽ ባሳለኝ ቁጥር ማንም ሳይጠራኝ ሆስፒታል እየሄድኩ ወረፋ እይዝ ነበር።