ወንድሜ ሲወፍር

ወንድሜ የአእምሮ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ያስጨንቀው የነበረው ድምፅ ጠፋለት፤ ሰውነቱም ሞላ። የሚዛን ከተማ ጎረቤቶቼ «ወፈረልሽ፣ ዳነልሽ!» እያሉ የማር ብርዝ ያመጡለት ጀመር። እኔ ግን ጥማቱ አላማረኝም። አንድ ጆግ ውሃ ጨርሶ ወዲያው ሽንት ቤት ይሮጣል። እናታችንን የወሰደብን የስኳር በሽታም እንዲህ ነበር የጀመራት።

አማን ሆስፒታል ወስጄ ሳስመረምረው ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የአእምሮ መድኃኒቱም ስኳር ሊጨምር እንደሚችል ሐኪሙ ነገረኝ። አንዷ ጎረቤቴ «በይ መድኃኒቱን አስቁሚው» አለችኝ።

«ሕመሙ ሲነሳበት አንቺ ልትይዢልኝ ነው?» አልኳት።

ሐኪሙም «በራሳችሁ እንዳታቋርጡ» ብሎ፣ ስኳር ብዙ ወደማይጨምር መድኃኒት ቀስ በቀስ ቀየረለት፤ ለስኳሩም ሕክምና ጀመረለት። የብርዙን ነገር ለእኔ ተዉት! «ከእንግዲህ ፍቅራችሁን በጎመን ግለጹልን» ብዬ ለመንደሩ አወጅኩ። ሳቁብኝ፤ ጎመኑ ግን መጣ።