በቦኬ ገበያ ላይ ሦስት ዙር

በበረራው ትምህርት ቤት፣ ከመመገቢያ አዳራሹ በር ጎን፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። የሳምንቱ ወሬ ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ ማን ለብቻው በረረ፣ ማን ለፈተና ተመደበ፣ ማን ተባረረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው በርሮ የተመለሰ ተማሪ ከነልብሱ ባልዲ ውሃ ይደፋበትና ይጨበጨብለታል። የተባረረ ደግሞ ስሙ በቀይ ጠመኔ ይሰረዛል፤ ፍራሹንም ተሸክሞ ዕቃ ቤት የሚያስረክበው አልጋ ጎረቤቱ ነው። ይህን ደንብ ያወጣው አስተማሪያችን ነበር። “ነገ ያንተ ተራ ሊሆን እንደሚችል ትከሻህ ይወቀው” ይል ነበር።

እኔና ጓደኛዬ አብረን ነው የሄድነው። እኔ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እሱ በአቅራቢያችን ካለ ገጠር፣ ከቦኬ መጥቶ እኛ ግቢ አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ነበር ሁለተኛ ደረጃ የተማረው። እናቱ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ዘርግተው ነው ያስተማሩት። የሶማሊያ ጦርነት ካበቃ ብዙም ሳይቆይ መልማዮች ትምህርት ቤታችን ሲመጡ፣ ከክፍላችን ያለፍነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

አስተማሪያችን ሻምበል ነበር። ሲያበርር ያምርበታል፤ ይህን አልክድም። ሰው ሲያዋርድ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለው ነበር። ጓደኛዬን “ገበሬው” ነበር የሚለው። አማርኛው ላይ የኦሮምኛ ቃና ስለነበረበት፣ በሬዲዮ የተናገረውን ምሳ ላይ እያስመሰለ ያሳየናል፤ እኛም እንስቃለን። ኦሮምኛ ከእሱ እኩል የምናገረው እኔ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነበር የምስቀው። ካልሳቅሁ ነገ ወደ እኔ ይዞራል ብዬ እፈራ ነበር።

ሻምበሉን የሚያናድደው ጓደኛዬ ከሁላችንም የተሻለ መሆኑ ነው። በትንሿ የመለማመጃ አውሮፕላን ከቡድናችን ቀድሞ ለብቻው የበረረው እሱ ነበር። ውሃውን ስንደፋበት ሻምበሉ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ፣ “ገበሬ ዝናብ ሲዘንብለት ደስ ይለዋል” አለ። ጓደኛዬ ውሃው ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ ሰላምታ ሰጠው።

ከአውሮፕላን ትምህርቱ በኋላ ሁለታችንም ሄሊኮፕተር ላይ ተመደብን፤ ሻምበሉም አብሮን መጣ። የመጨረሻው ልምምድ ረጅም በረራ ነበር። እኛ የደረሰን መንገድ ወደ አሰበ ተፈሪ ሆነ። እዚያ የተማሪ ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ አርፈን መመለስ ነው። ጓደኛዬ መሪውን ይዟል፤ ሻምበሉ ከጎኑ ነው፤ እኔ ከኋላ ካርታውን ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ። የአሰቦትን ተራራ አልፈን፣ ከተማችን ከሩቅ ብቅ ስትል፣ ሻምበሉ በጆሮ ማዳመጫው ጠየቀ።

“ገበሬው፣ ያንተ አገር ከዚህ ወዴት ነው?”

ጓደኛዬ ዓይኑን ከፊት ለፊቱ አላነሳም።

“ቦኬ ነው ጓድ ሻምበል” አልኩ እኔ። የጠየቀኝ የለም። “ከዚህ ቅርብ ነው። ዛሬ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ እናቱም እዚያ ናቸው።”

ለምን እንደተናገርኩ አውቃለሁ። ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ እንዲልልኝ ነው። ፈገግ አለልኝ።

“እንግዲያ እናት የደከሙበትን ልጅ ይዩት እንጂ! ወደዚያ እጠፍ።”

ጓደኛዬ አጠፈ። ትእዛዝ ነው። ገበያው ከታች ሲታይ ግን፣ “ዝቅ በል” ሲባል እጁ አልታዘዘም።

“ጓድ ሻምበል፣ ሕዝቡ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን አይቷል። ይሸበራል። እባክዎ ይቅርብን።”

“ዝቅ በል አልኩህ።”

“አልችልም።”

“እጅህን አንሳ!” አለና መሪውን ቀማው።

ሦስት ጊዜ ዞርን። በመጀመሪያው ዙር ሰው ሁሉ አንጋጦ ቆመ። በሁለተኛው ከዛፎቹ ጫፍ ወርደን የነጋዴው ሸራ ሲገለበጥ፣ እህል እንደ ጭስ ሲቦን አየሁ። ሰው መሬት ላይ ተደፋ። እናቶች ልጆቻቸው ላይ ተኙ። በሦስተኛው ገመዳቸውን የበጠሱ ግመሎችና አህዮች በተኛው ሰው መካከል ይሮጡ ነበር። ሻምበሉ፣ “እዩት ያንን ሽማግሌ፣ በአራት እግሩ ሲሄድ!” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጓደኛዬ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወደ ታች ያያል።

አሰበ ተፈሪ ስናርፍ ተማሪው ሜዳውን ሞልቶ ጠበቀን። አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ መጥቶ አገላብጦ ሳመኝ፤ ጓደኛዬንም ሊስመው ቢሄድ ልጁ ሄሊኮፕተሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል። “ምን ሆኗል?” አለኝ አባቴ። “አዙሮት ነው” አልኩት።

መርዶ የሚመስለው ወሬ የደረሰን ከሳምንታት በኋላ ነው። አንድ የአገራችን የጫት መኪና ሹፌር ጓደኛዬን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠርቶ ነገረው። የሸሸ ግመል እናቱን ረግጧቸዋል፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወጌሻ ቢያያቸውም አልተጠገነም። ሰው የሞተ የለም፤ እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልቆሙም።

ጓደኛዬ ፈቃድ ሲጠይቅ ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርብ ተባለ። ያየውን ሁሉ፣ አንዱን ሳያጋንን አንዱን ሳይቀንስ ጻፈ። በማግሥቱ አጣሪዎች ተሰየሙ። ከመግባቴ በፊት ሻምበሉ ኮሪደሩ ላይ የአንገቴን ቁልፍ አስተካከለልኝ። “አንተ የወታደር ነገር ይገባሃል” አለኝ።

“በበረራው ዕለት ከታዘዘው ከፍታ ወርዳችኋል?” አሉኝ።

“አልወረድንም።”

“ቦኬ ላይ አልፋችኋል?”

“አላለፍንም።”

ጓደኛዬ ከፊቴ ቆሞ ነበር። አልጮኸም። ውሸታም እንኳ አላለኝም። ስሙ ከሰዓት በፊት በቀይ ተሰረዘ፤ አለቃውን በሐሰት የከሰሰ ተብሎ ተባረረ። ፍራሹን ለማንሳት ስጎነበስ፣ “ተወው፣ እኔው እወስደዋለሁ” አለኝ። ሻምበሉ በር ላይ ቆሞ፣ “ደንብ ደንብ ነው” አለ። ተሸከምኩት። ጓደኛዬ ሻንጣውን ይዞ ከኋላዬ ሲመጣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ “አኒ ሲ ሂን አባሩ” አለኝ። እኔ አልረግምህም ማለቱ ነው። ቢረግመኝ በተሻለኝ።

እኔ ተመረቅሁ፤ ደረቴ ላይ የአብራሪ ክንፍ ተሰካልኝ። ሰሜን ዘመትኩ። አራት ዓመት ያህል አልፎ ለዕረፍት አሰበ ተፈሪ ስመጣ፣ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ቦኬ ሄድኩ።

እናቱ ደጃፍ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። በሁለት እጃቸው መሬቱን እየገፉ ዞር ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

“አሰላሙ አለይኩም። ግባ ልጄ፣ ከየት ነህ?”

ከልጃቸው ጋር የተማርኩ መሆኔን ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። ማሳ ሄዷል፣ ይመጣል አሉኝ። ከዚያ ዙሪያውን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ።

“እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። አላህ ነው ያመጣህ። ያን ቀን ያበረረው ማነው? ሰው ሁሉ፣ አብራሪ ሆንኩ ብሎ ሊያሳየን የመጣው ልጅሽ ነው ይላል። መስጊድ ሲገባ አጠገቡ አይቆሙም። ሴት ልጅ ጠይቀን ከለከሉን። እሱን ስጠይቀው ዝም ይላል። አንተ ንገረኝ። ልጄ ነው የሰበረኝ?”

“አይደለም እማማ” አልኳቸው። “እሱ እንቢ አለ። ያበረረው አለቃችን ነው። ገበያውን የጠቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም ዋሸሁ።”

ያለቅሳሉ፣ ወይም ይተፉብኛል ብዬ ነበር። እጃቸውን ክንዴ ላይ ጣል አደረጉ።

“ነገ ገበያ ነው” አሉ። “ለኔ የነገርከውን ለሰዉ ንገር። በኦሮምኛ ንገራቸው። ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር ሂሳብ የለህም።”

በዚህ መሀል ጓደኛዬ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ከስቷል፤ ፀሐይ አክስሎታል። እኔን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ እናቱን አየ፤ መናገሬን ከፊታቸው ያወቀ ይመስለኛል። ዶማውን አስቀምጦ እጄን ጨበጠኝ።

“ያድራል፤ ነገ ገበያ ላይ ይናገራል” አሉት እናቱ።

“አትናገርም” አለኝ እሱ፣ እንደ ቁጣ ሳይሆን እንደሚያውቀኝ ሰው። “ይህ የመንግሥት ነገር ነው፤ እኔም አፌን የያዝኩት ለዚህ ነው። አለቃህ ዛሬ ኮሎኔል ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከተናገርክ ያስሩሃል።”

ተናገር ይለኛል ብዬ ስፈራ፣ ማምለጫ ሰጠኝ። ፈቃዴ ነገ እንደሚያልቅ ነገርኳቸው። ውሸት ነበር፤ ገና ስድስት ቀን ነበረኝ።

እናቱ እጃቸውን ከክንዴ ላይ አነሱ። “እንግዲያ መኪናው እንዳያመልጥህ” አሉ።

ጓደኛዬ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ሰዎች አልፈውን ሲሄዱ እኔን ሰላም አሉ፤ እሱን አላሉትም። የተሳፈርኩት ጭነት መኪና ሲነሳ እጁን አላወዛወዘም፤ ወደ ማሳው ተመለሰ። ኋላ የሰማሁት፣ እናቱን በቃሬዛ አሸክሞ መቻራ ወደሚባል የቡና አገር ወርዶ ለቀማ መግባቱን ነው። እኔ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በረርኩ። ቦኬን ግን ከዚያ በኋላ፣ ከላይም ከታችም፣ አላየኋትም።